መስኮት ውስጥ የቀረ ሳቅ

አቼቶ በሸተተኝ ቁጥር እህቴ ትስቃለች።

ሰላጣ ሲቀርብ ፊቴን አዞራለሁ፤ ቤተሰቡም «አባባ ቅጠል አይወዱም» ብሎ ደምድሞ ተገላግሏል። ይደምድም። በዚህ ዕድሜዬ የቀረችኝ ምሥጢር ይቺው ነበረች፤ እሷንም እነሆ በገዛ አፌ ልዘረግፋት ነው። የፊት ጥርሶቼ ከወለቁ ወዲህ አፌ የሚይዘው ነገር የለም።

ባለፈው እሑድ ነው። የልጅ ልጄ ሜሮን በአንድ እጇ ሰላጣው ላይ አቼቶ እያፈሰሰች፣ በሌላው ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው። ይህች ልጅ እንግዳ ፊት አንቱ ትለኛለች፤ ስልክ ስታስተምረኝ ግን አንተ ነኝ። አልቀየማትም። ስልክ ላይ እንደኔ የደነዘዘ ሰው አንቱ መባል አይገባውም።

«አባባ፣ እስቲ ይቺን ልጅ እያት! የድሮ ሰው ፎቶ ሲነሣ ይስቅ ነበር እንዴ?»

መነጽሬን ፈለግሁ፣ ግንባሬ ላይ አገኘሁት፣ አወረድሁት።

እታለም ናት።

ታላቅ እህቴ ወይንሸት፤ እኔ እታለም ነበር የምላት። ዐሥራ ሰባት ዓመቷ። ትከሻዋ ላይ የፈረንጅ ኮት፣ በግራ እጇ ቦርሳ፣ በቀኟ የስልክ እጀታ ጆሮዋ ላይ። ከጀርባዋ በቀለም የተሣለ የእብነ በረድ ደረጃ። አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ ከመንጋጋ ጥርሷ ጭምር ትስቃለች። ካረፈች ስንት ክረምት አልፏል፤ እዚያ ግን ትስቃለች። የድሮ አዲስ አበባን ፎቶ የሚለጥፍ አንድ ገጽ ላይ ነው የወጣችው። ከሥሯ ሰው ተንጋግቷል፦ «የድሮ ቆንጆ!» «ከማን ጋር ነው የምታወራው?» «ከኔ ጋር ነዋ!» «ኧረ ከኔ ጋር ነው፣ መስመሩን ልቀቅ!»

ይቺን ቀልድ አውቃታለሁ። ከነዚህ ልጆች አያቶች አፍ ሰምቻታለሁ፤ እዚያው ፒያሳ፣ እዚሁ ፎቶ ሥር፣ ዝናብ እየዘነበ።

ያን ክረምት ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ወይም ስምንት። እናቴ ዕድሜዬን እንደ ጉዳዩ ነበር የምትናገረው፤ ትምህርት ቤት ለማስገባት ስምንት፣ አውቶቡስ ላይ ስድስት። ስለዚህ በሐሰት ማንነት ስለ መኖር ማንም መጥቶ አያስተምረኝም።

ቤታችን ሠራተኛ ሰፈር ነበር። አባቴ ሞቷል፤ እናቴ፣ ሰፈሩ እትዬ አስካለ የሚላት፣ የቀሚስ ጥልፍ እየጠለፈች ታሳድገናለች። እታለም ለአንድ አስተማሪ ታጭታ ነበር። ልጁ ጅማ ተመድቧል፣ ቤተሰቦቹ አራት ኪሎ ናቸው፣ ሠርጉ ለጥር ተቆርጧል። «ፎቶዋን ላኩልኝ» ብሎ ጻፈ። እኛም ተጣጥበን፣ ቅባት ተቀብተን፣ ከጊዮርጊስ ወደ ፒያሳ በሚወርደው መንገድ ላይ ወዳለው ወደ አቶ ክብረት ፎቶ ቤት ሄድን።

ስንገባ የመታኝ የአቼቶ ሽታ ነው። ፎቶ የሚታጠብበት መድኃኒት መሆኑን የሰማሁት በኋላ ነው። ያኔ ግን ግድግዳው ላይ የተደረደሩትን፣ ዓይናቸውን አፍጥጠው ዝም ያሉትን ሰዎች አየሁና ነገሩ ገባኝ፦ እንዳይበላሹ አቼቶ ውስጥ ይዘፈዘፋሉ። የእታለምን ቀሚስ ይዤ «አትግቢ፣ ይዘፈዝፉሻል!» አልኳት። እናቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ።

ከመጋረጃው ኋላ ሌላ ዓለም ነበር። የፒያሳን ግማሽ ሕዝብ ያለበሰ አንድ ኮት ነበረ፤ ለቀጭን ሰው ከጀርባ በልብስ መቆንጠጫ ይያዛል፣ ለወፍራም ሳይቆለፍ ትከሻ ላይ ጣል ይደረጋል። የማይቆጥር የእጅ ሰዓት፣ ቀለም የሌለው እስክሪብቶ፣ ገመድ የሌለው ስልክ። አትክልት ተራ ድንች ሲሸከም የዋለው ገብቶ ሹም ሆኖ ይወጣል። አቶ ክብረት ደግሞ በሹል እርሳስ የፈንጣጣውን ጠባሳ ይደፍናል፣ ቅንድቡን ያሳምራል። ዛሬ ሜሮን ጉንጯን በስልኳ ስታሳንስ የማልቆጣት ለዚህ ነው። ጥበቡ ከኔ ዘመን ነው የመጣው፤ የተለወጠው እርሳሱ ብቻ ነው።

«ስልኩን አንሺው የኔ እመቤት» አላት።

«ምን ልበል?»

«ምንም አትበይ። እንደምትሰሚ ሁኚ።»

እታለም እንደምትሰማ ሆነች፤ መርዶ እንደምትሰማ። አቶ ክብረት ከጥቁሩ ጨርቅ ሥር ራሱን አወጣ። «ለእጮኛሽ ነው እኮ ልጄ፣ ለፖሊስ ጣቢያ አይደለም!» ወደኔ ዞረ። «አንተ ጎረምሳ፣ እስቲ እህትህን አስቃት።»

ሥራ ተሰጠኝ! ቤት ውስጥ የተደበቀች አንዲት ጨዋታ ነበረችን፤ እናቴ መርፌ ላይ ክር ስትሰካ የምትሆነውን መቅዳት። ዓይኗ መድከም ጀምሯል። አንዱን ትጨፍናለች፣ ክሩን በከንፈሯ ታረጥባለች፣ ምላሷን በአፏ ጥግ ታወጣለች፣ ቀዳዳውን ትስታለች፣ መርፌውን ከነዘር ማንዘሩ ትረግማለች። እናቴ ራሷ በርጩማ ላይ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ እንደ ወይዘሮ ተኮፍሳ ተቀምጣለች። እኔ ከጀርባዋ ቆምሁና ጨፈንሁ፣ አረጠብሁ፣ ምላሴን አወጣሁ፣ ሳትሁ፣ ረገምሁ። እታለም ፈነዳች። ብርሃኑ ብልጭ አለ።

እናቴ ግራ ቀኝ አየች። «ምን አስቆሽ ነው?»

«ምንም እማዬ።»

ፎቶው ጅማ ሄደ። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ኖሮ እኔም ዛሬ ሰላጣ እበላ ነበር።

ዝናቡ እንደገባ አንዲት ጎረቤት በራችን ላይ ቆማ፣ «እትዬ አስካለ፣ እንኳን ደስ ያለሽ! ልጅሽን ከጃንሆይ ሥር አስቀመጧት!» አለች።

እየሮጥን ሄድን። እውነትም። መስኮቱ ላይ፣ ከላይ በወርቅማ ክፈፍ የጃንሆይ ምስል፤ ከሥሩ እታለም፣ ክንዴን አክላ፣ ከንፈሯ በቀይ ቀለም ተነክሮ። እናቴ ገባች፤ እኔ ቀሚሷን ይዤ።

«አቶ ክብረት፣ ምን አደረግንዎት?»

«ክብር እኮ ነው እትዬ! ስንቷ ‹እኔን ስቀለኝ› እያለች ትለምነኛለች።»

«ለባሏ ነው የተነሣችው። ያውርዱልኝ።»

«ያነሣሁት እኔ፣ ያጠብሁት እኔ። ኮቱ የኔ፣ ቦርሳው የኔ፣ ስልኩ የኔ፣ ደረጃው የኔ። የልጅዎ የሆነው ፊቷ ብቻ ነው።»

«እሱኑ ይስጡኛ!»

አቶ ክብረት ሳቀ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ለኔ ከረሜላ ሰጥቶኛል፣ እኔም ተቀብዬ መጥጫለሁ፤ ቤተሰቤን በከረሜላ የምለውጥ ልጅ ነበርሁ። ግን አላወረደም። እናቴ ወጣችና ጃንጥላዋን መስታወቱ ላይ ቃጣች። መንገደኛው ቆመ። አቶ ክብረት በሩን ተደግፎ፣ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ፣ «እትዬ፣ መስታወቱ ሲሰበር ማን እንደሚወድቅ ቀና ብለው ይዩ» አላት።

ቀና አለች። ጃንሆይ ቁልቁል ያይዋታል። እናቴ ጃንጥላውን አወረደች፣ እጅ ነሣች፣ ወደ ቤቷ ሄደች። ለዚያ መስኮት እንደዚያ ያለ ዘበኛ ከየትም አይገኝም።

ከዚያ ደግሞ ልትገዛው ቆረጠች። ለአቶ ክብረት ሚስት ከአንገት እስከ ጥለት የሚወርድ ጥልፍ ጠለፈች፤ ዓይኗ ቀልቶ፣ ጣቷ ተበሳስቶ። ቀሚሱን ወስዳ ትልቁን ፎቶ ይዛ መጣች። እንደ ዶሮ ነበር የመሰላት፤ ከገዛሽው በኋላ ሻጩ ቤት አይገኝም። ከሰል ምድጃው ላይ ጣለችው። የእህቴ ጥርስ ሲጠቁር አይቼ ጮህሁ። እናቴ ግን ያን ቀን እያንጎራጎረች ዋለች።

በማግሥቱ መስኮቱ ላይ ሌላ እታለም ተሰቅላ ነበር። ያው ሳቅ፣ ያው ስልክ። እናቴ መስታወቱን እንደ ድውይ በመዳፏ ዳበሰችው። «አቃጥዬው የለም እንዴ?» ብላ የጠየቀችው እኔን ነው።

በዚያ የሚያልፉ አሮጌ ሰዎች ባርኔጣቸውን ያወልቁ፣ ጎንበስ ይሉ ነበር። ለማን እንደሆነ ቅንጣት አልተጠራጠርሁም፤ ለእታለም ነዋ! ቤት ገብቼ፣ «አንድ ባለካባ ሰውዬ ሰገደልሽ!» አልኳት። በሕይወቷ አንዴ ብቻ በጥፊ መትታኛለች፤ ያኔ ነው።

የሰፈሩ ጎረምሶች አልሰገዱም። እታለም ብቅ ስትል ጡጫቸውን ጆሯቸው ላይ ይለጥፋሉ።

«ሃሎ! ሃሎ! ማን ልበል?»

«መስመሩ ተይዟል ጌታዬ!»

«ወይንዬ፣ ድምፅሽ ይቆራረጣል፣ ቀረብ በይ!»

መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥሎ መንገድ ቀየረች። ቀጥሎ ከቤት መውጣት ተወች። ክር ከፒያሳ ማመላለሱ ለኔ ወደቀ።

ክር መግዛት ማለት በመስኮቱ ፊት ማለፍ ማለት ነው። እኔም በዚያች ጭንቅላቴ መላ አወጣሁ። ሰውን ሁሉ ያስቸገረው የፎቶው ሳቅ ነው፤ ያሳቅኳት እኔ ነኝ፤ እንግዲያው ሳቁን እኔው ላስቆመው። ክሩን በብብቴ ይዤ መስታወቱ ፊት እቆምና የሐዘን ፊት እሠራለሁ። ድመታችን መሞቷን ነገርኳት፤ አልሞተችም። የአባታችንን ቀብር አስታወስኳት። ደረቴን መታሁ። ጥርሷን አልከደነችም። ዝናቡ ሲከብድ መስታወቱ ላይ ውኃ ይወርድና ለአፍታ የምታለቅስ ትመስላለች፤ «ተሳካ!» እላለሁ። ያባራል፣ ትስቃለች።

አንድ ቀን አንድ ሰውዬ ወላጅ የሌለኝ መስዬው ከኬክ ቤት ይዞት ከወጣው ብስኩት ቆርሶ ሰጠኝ። አፍ ሙሉ ብስኩት ይዞ ማዘን እንደማይቻል ተማርሁ፤ የዚያን ቀን ሥራ ተበላሸ። በሌላው ቀን ግን ትጉህ ነበርሁ። ሳላውቀው የሐዘን ፊት ለመደብኝ፤ ቤት ውስጥ እንኳ አልለቅ ይለኝ ጀመር።

ያን ሰሞን ግርማቸው የሚባል የአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበር። እታለምን በአካል አይቷት አያውቅም። አቶ ክብረት ዘንድ ገብቶ፣ «ከመስኮቷ ልጅ አንዲት ትንሽ እጠብልኝ» አለው፤ አጠበለት። ፊልሙ እጁ ላይ ነው፣ ማን ይከለክለዋል? ግርማቸው ፎቶዋን ደረት ኪሱ ከትቶ ኬክ ቤት ባንኮኒ ተደግፎ ለባልደረቦቹ ያሳይ ገባ። «እጮኛዬ ናት። በስልኩ የምታወራው ከኔ ጋር ነው። እንዴት እንደማስቃት አያችሁ?»

ከጎኑ ማኪያቶውን ይጠጣ የነበረው ሰው የአስተማሪው አጎት ነበር።

አጎትየው ሁለት ሽማግሌ ይዞ አንድ ከሰዓት በኋላ ቤታችን መጣ። በኛ በኩል እናቴ ብቻ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል።

«ልጄ» አለ አጎትየው፤ ድምፁ ለስላሳ ነው፤ «ከማን ጋር ነበር የምታወሪው?»

«ከማንም ጋር ጋሼ። ስልኩ ገመድ የለውም።»

«ገመዱ በቦርሳው ተጋርዶ ይሆናል። ሰው ደግሞ ለብቻው እንዲህ አይስቅም።»

«በወንድሜ ነው የሳቅሁት።»

ሁሉም ወደኔ ዞሩ።

«ምን አድርጎ?»

እታለም እናቴን አየቻት፣ መልሳ መሬቱን አየች። «ፊቱን አጣሞ» አለች።

«ማሙሽ፣ ና እስቲ። እንዴት አድርገህ ነው ያሳቅሃት? አሳየን።»

መሐል ቆምሁ። አንድ ዓይኔን ጨፈንሁ። የሌለውን ክር በከንፈሬ አረጠብሁ። እናቴ ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች፤ ጭኗ ላይ ያላለቀ ጥልፍ፣ መርፌው ጨርቁ ላይ ተሰክቶ። ምን እያሳየሁ እንደሆነ ሲገባት አየሁ። የዓይኗን መድከም ከሰው ሁሉ ትደብቅ ነበር፤ ቀሚስ የሚያሠሯት ከሰሙ ሥራ የለም፣ ሥራ ከሌለ ቤቱ የለም። ምላሴን ላወጣ ስል፣ ክረምቱን ሙሉ መስታወት ፊት የተለማመድሁት ፊት መጣ፤ ያ የሐዘኑ።

ማንም አልሳቀም።

«ይሄ ነው?» አለ አጎትየው።

«ይሄ ነው» አለች እታለም። ልትስቅልኝ ሞከረች። እግዚአብሔር ያያል፣ ሞከረች። ጥርሷን ገለጠች፤ የወጣው ግን ልቅሶ ነው።

አጎትየው ጃንጥላውን አነሣ። «እትዬ አስካለ፣ ሕፃን ማስዋሸት ደግ አይደለም» አላት። ያጩበትን ቀለበት መልሰው ወሰዱ። ጅማ የሄደውን ፎቶ ግን አልመለሱም። ግርማቸውን የጠየቀው የለም።

ከዚያ ወዲህ እናቴ በፎቶ ቤቱ በኩል ማለፍ ተወች። ጊዮርጊስ ለመሳለም በጓሮ፣ በጭቃው ትዞራለች፤ እኔንም እጄን ይዛ ታዞረኛለች።

«እማዬ፣ በዚያ በኩል እኮ ቅርብ ነው።»

«ካላየሁት የለም» ትለኛለች።

አመንኳት። ዕድሜዬን ስትዋሽ በጆሮዬ እየሰማሁ የምኖር ልጅ፣ እናቴ ትዋሻለች ብዬ አላሰብሁም።

ከመስቀል በኋላ ፀሐይ ወጣች፤ እታለምም መስኮቱ ውስጥ መክሳት ጀመረች። ደረጃው ጠፋ፣ ኮቱ ነጣ፣ ዓይኗ ፈዘዘ። ያ የተቀባው ከንፈርና ጥርሷ ብቻ ቀሩ። አንድ ቀን ክር ይዤ ስመለስ በቦታዋ አንዲት ሙሽራ ተሰቅላለች። በጭቃው ላይ እየተንሸራተትሁ በረርሁ።

«እታለም! እታለም! ወረድሽ!»

ፀጉሯን ታበጥር ነበር። እጇን አላቆመችም። «ፊልሙስ?» አለችኝ።

«የምን ፊልም?»

«ሳጥን ውስጥ የሚያስቀምጠው።»

አልገባኝም። ሙሽራዋ ቆንጆ አለመሆኗን ነገርኳት፣ ደስ እንዲላት። ሳቅ አለች፤ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፍና። ከዚያ ክረምት በኋላ መንጋጋዋን ያየ ሰው የለም።

ፎቶ ቤቱ የነበረበት ቦታ አሁን ሰፊ መንገድ ሆኗል፤ ሄጄ አይቼዋለሁ። የት ጋ እንደነበረ ለሜሮን ላሳያት ብዬ ሁለት ጊዜ ተሳሳትሁ፤ በመጨረሻ አንድ የመብራት ምሰሶ መርጬ «እዚህ ጋ» አልኳት። ቤቱ ሲፈርስ የፊልሙ ሳጥን ማን እጅ እንደገባ እንጃ። ይኸው፣ እታለም ለጠየቀችው መልሱ ከሰላጣ ጋር ቀረበልኝ።

ሜሮን የከፈተችልኝ ገጽ አለኝ። ስሜን አሳጥሬ፣ በፊቴ ፈንታ አደይ አበባ ለጥፌ ነው የምኖርበት፤ ፊት አውጥቶ መስጠት ምን እንደሆነ አውቃለሁና። እዚያው ፎቶው ሥር፣ ፊደል በፊደል እየለቀምሁ፣ «ይህች እህቴ ናት። ስልኩ ገመድ የለውም። የሳቀችው በኔ ነው። እባካችሁ አውርዱት» ብዬ ጻፍሁ።

መልሱ ዘነበ። «አበባው እህት አለው እንዴ?» «አባባ፣ መድኃኒትዎን ውጠዋል?» «ፌክ አካውንት ነው፣ አትመኑት!» አንዱማ አክስቱ መሆኗን፣ የአውሮፕላን አስተናጋጅ እንደነበረች አስረግጦ ጻፈ። እሱን አመኑት፤ እሱ ፊት አለው።

ሜሮን ስትጎረጉር ሌላ አገኘች። እታለም «ሶስና» በሚል ስም የራሷ ገጽ አላት። በየጠዋቱ እንደምን አደራችሁ ትላለች፤ ብቸኝነት እንደሚሰማት ትጽፋለች፤ ወንዶች ልብ ይልኩላታል። እኔ ግርማቸው የሞተ መስሎኝ ነበር።

«ሪፖርት እናድርገው» አለች ሜሮን። ታሪኩን ነግሬያት ፊቷ ተለዋውጧል። ስልኩ ጠየቀን፦ ፎቶው የማን ነው? የእርስዎ? የጓደኛዎ? የታዋቂ ሰው? የሞተች እህት የሚል አልነበረም። «ጓደኛ በይው» አልኳት፤ የእናቴ ልጅ ነኝ፣ እንደ ጉዳዩ። መልሱ አልቆየም፤ ትሑት መልስ ነበር። ስለ ጥቆማችን አመሰገነን። ፎቶው ደንብ አልጣሰም። ባለቤቷ ራሷ ብታመለክት ግን ይታይላታል። አቶ ክብረት ቢያንስ ከረሜላ ይሰጥ ነበር።

«በቃ ብሎክ እናድርጋቸው አባባ። ገጹንም ሶስናንም። ከዚያ አታያቸውም።»

«ሌላው ሰውስ?»

«ሌላው ያያል። አንተ ግን አታይም።»

«ቆይ» አልኳት። ስልኩን ተቀብዬ ወደ ፊቴ አቀረብሁት። እታለም ትስቃለች። የሐዘን ፊቴን ሠራሁ፤ በዚህ ዕድሜ ብዙ ልፋት አይጠይቅም። ጠበቅሁ።

«አባባ፣ ምን እየሆንክ ነው?»

«ምንም።» ጥርሷን አልከደነችም። «በይ፣ በጓሮ በኩል አዙሪኝ።»

አልገባትም። ብቻ ጣቴን ይዛ የምጫነው ላይ አሳረፈችልኝ። ተጫንሁት። መስታወቱ ነጭ ሆነ።

«አየህ? የለችም» አለች ሜሮን።

ሰላጣው ጠውልጓል፤ ወጥ ቤቱ ግን አሁንም አቼቶ አቼቶ ይሸታል።